ኤሌክትሮን በድሬ አየር፦ ከጋዝ እገዳው ጀርባ ያለው ልኬት

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ 24 ኪሎ ቮልት የሚሠራ አዲስ ስዊችጊር (የኤሌክትሪክ መስመር መክፈቻና መዝጊያ ዕቃ) ፍሎሪን ባለበት ጋዝ ተሞልቶ አገልግሎት ላይ አይውልም። ጥቂት ልዩ ፈቃዶች ቢኖሩም አቅጣጫው ግልጽ ነው። በ2024 የወጣው ይህ ሕግ በዚህ አያበቃም። ከ52 እስከ 145 ኪሎ ቮልት ያለው ተራው በ2028 ይደርሳል። ከ24 እስከ 52 ያለው በ2030፣ ከ145 በላይ ያለው ደግሞ በ2032። (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

የእገዳው ዋና ዒላማ ኤስኤፍ ሲክስ የሚባለው ጋዝ ነው። ሙሉ ስሙ ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይቀጣጠልም። በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ይሞላና መስመር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ አርክ የሚባለውን፣ ያጠፋል። በዚህ ሥራው እስካሁን የሚስተካከለው አልተገኘም ማለት ይቻላል። ጣጣው የሚመጣው ካመለጠ ነው። አንድ ኪሎ ኤስኤፍ ሲክስ በመቶ ዓመት ሂሳብ ከ24 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት ያስቀራል። አንዴ አየር ላይ ከወጣ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት አይጠፋም።

የብራስልስ ሕግ ድሬዳዋን ምን አገባው? በደንብ ያገባዋል። የአገራችን ማከፋፈያ መስመር በብዛት 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ነው። በድሬ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ25 ኪሎ ቮልት ይሄዳል። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋውና በ2011 ሥራ የጀመረው መስመር 230 ኪሎ ቮልት ነው። እነዚህን ከሕጉ ደረጃዎች ጋር አስተያዩአቸው። አንዱም ከዝርዝሩ ውጭ አይደለም። እኛ ስዊችጊር አንሠራም፣ እንገዛለን። ሻጩ ጋዙን ሲቀይር እኛም ወደድንም ጠላንም እንቀይራለን። ከዚህ የባሰም ሊመጣ ይችላል። እዚያ የተከለከለው ዕቃ በርካሽ ገበያ ፍለጋ ወደኛ ሊጎርፍ ይችላል።

ታዲያ አዲሱ ጋዝ አሮጌውን በእርግጥ ይተካል ወይ? የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው አንድ የቆየ የፊዚክስ ልኬት ውስጥ ነው። ኤሌክትሮን በጋዝ ውስጥ በምን ፍጥነት ይጓዛል? እየሄደስ ምን ያህል ይበተናል? ይህን የሚለኩት በዓለም ላይ ጥቂት ላቦራቶሪዎች ናቸው። ዕቃው የሚነደፈው ደግሞ ለአውሮፓ ክረምትና ለዝቅተኛ ከፍታ ነው። እኛ የምንኖረው ከፍታና ሙቀት ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ልኬት አንብቦ የሚጠይቅ፣ ቢቻል ራሱ የሚለካ ሰው ድሬዳዋና ሐረር ላይ ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

ኤሌክትሮን በባዶ ቦታ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። የኤሌክትሪክ መስኩ ይጎትተዋል፣ እሱም እየፈጠነ ይሄዳል። ጋዝ ውስጥ ግን መንገዱ ሁሉ ሞለኪውል ነው። ይጋጫል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። በገበያ ቀን ጁገል ውስጥ ከፈረስ መጋላ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ አድርጎ፣ ወደ ግድር መጋላ የሚሄደውን ሕዝብ አስቡት። አንዱን ሰው ብቻ ብትከተሉት መላ ቅጡ ይጠፋችኋል። ይቆማል፣ ይገፋል፣ ወደ ጎን ይላል፣ ሰላም ሊል ይመለሳል። ሕዝቡ በጠቅላላ ግን ወደ ገበያው ይጓዛል። ከፈረስ መጋላ አብረው የተነሱት ሰዎች ሲደርሱ አንድ ላይ አይደሉም። ከፊሉ ቀድሟል፣ ከፊሉ ዘግይቷል፣ ከፊሉ ወደ ግራና ቀኝ ተበትኗል።

የኤሌክትሮን መንጋም እንዲሁ ነው። መሀሉ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት አንድ ቁጥር ነው፤ የመንጋው ጉዞ ነው። መንጋው እየሰፋ የሚሄድበት መጠን ሌላ ቁጥር ነው፤ መበተኑ ነው። የሁለቱ ልዩነት የሚገርም ነው። አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት (በአንድ ቮልት ተጎትቶ የሚያገኘው) ያለው ኤሌክትሮን በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። መንጋው በጠቅላላ ወደፊት የሚሄደው ግን በብዙ የተለመዱ ሁኔታዎች በሰከንድ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ነው። ቀሪው ሩጫ ወዲያና ወዲህ መላተም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ኤሌክትሮኑ ቮልቴጁን ብቻ አይደለም የሚያየው። በአንድ ግጭትና በሚቀጥለው መሀል ምን ያህል ጉልበት አገኘ የሚለው ነው ዕጣውን የሚወስነው። ሞለኪውሎቹ የተጠጋጉ ከሆኑ ቶሎ ይጋጫል፣ ጉልበት ሳያጠራቅም ይቀራል። የተራራቁ ከሆኑ ረጅም መንገድ ይሮጣል፣ ጉልበቱም ይበዛል። ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ የመስኩ ጥንካሬ ለሞለኪውሎቹ ጥግግት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የዚህ መለኪያ አሃድ ታውንሴንድ ይባላል። ስያሜው ለጆን ታውንሴንድ ነው፤ በአየርላንድ ተወልዶ በኦክስፎርድ ያስተማረ፣ የዚህን ዘርፍ መሠረት የጣለ ሰው ነው። አንድ ታውንሴንድ 10⁻²¹ ቮልት-ሜትር ካሬ ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው አካፋዩ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት፣ እጅግ ግዙፍ ስለሆነ ነው።

ኤሌክትሮኑ በቂ ጉልበት ሲያገኝ ሞለኪውሉን መትቶ ሌላ ኤሌክትሮን ያስወጣል። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ አራቱ ስምንት። በአየር ውስጥ ኦክስጅን የተወሰኑትን ይዞ ያስቀራል። የሚወለደውና የሚያዘው የሚተካከሉት ወደ 120 ታውንሴንድ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ መንጋው ይፈነዳል፣ አየሩ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። በኤስኤፍ ሲክስ ይህ ወሰን ወደ 360 ታውንሴንድ ነው። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ዝግተኛ ኤሌክትሮንን የሚይዝበት ኃይል ነው።

አሁን ሂሳቡን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,880 ሜትር ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት በድሬ 88 ኪሎ ፓስካል ገደማ፣ በሐረር 81 ገደማ ይሆናል። በግፊት ብቻ ካየነው ሐረር ከድሬ በ8 በመቶ ያህል ትሳሳለች። ግን ሙቀትም አለ። የሞቀ አየር ሞለኪውሎቹ ይራራቃሉ። ድሬ በቀትር 35 ዲግሪ ላይ ስትሆን በአንድ ሜትር ኩብ 2.06 × 10²⁵ ገደማ ሞለኪውል አለ። ሐረር በ20 ዲግሪ ወደ 2.0 × 10²⁵ ነው። ልዩነቱ ወደ 3 በመቶ ወረደ። በሁለቱ ከተሞች መሀል ካለው ከደንገጎ አቀበት በታች ያለው ሙቀት ከደንገጎ በላይ ያለውን ከፍታ ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

ከባሕር ጠረፍ ጋር ስናወዳድረው ነው ነገሩ የሚታየው። 20 ዲግሪ ላይ ባለ የጠረፍ አየር ውስጥ ቁጥሩ 2.5 × 10²⁵ ነው። 120 ታውንሴንድን በዚህ ብናባዛው በሴንቲ ሜትር 30 ኪሎ ቮልት ይወጣል። በመማሪያ መጽሐፍ የምናገኘው የታወቀ ቁጥር ይኸው ነው። በድሬ ቀትርና በሐረር ግን 25 እና 24 ኪሎ ቮልት ገደማ ላይ እንቆማለን። ጅቡቲ ወደብ ላይ በደንብ የሚሠራ የኢንሱሌተር ርቀት እዚህ ሲደርስ አቅሙ ይቀንሳል። ዕቃው አልተበላሸም። ኤሌክትሮኖቹ የሚሮጡበት ቦታ ሰፋ እንጂ። ዓለም አቀፉ የስዊችጊር ደረጃ የተለመደ የሚለው ከፍታ እስከ 1,000 ሜትር ብቻ መሆኑም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በደረጃው ቀመር መሠረት ሐረር ላይ ለሚተከል ዕቃ የውጭ ኢንሱሌሽኑ 11 በመቶ ያህል ጭማሪ ይጠይቃል። ለድሬ ጭማሪው ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው።

በታሸገው ሳጥን ውስጥ ያለው ጋዝ ግን ሌላ ነው። ሳጥኑ እስከተዘጋ ድረስ የሞለኪውሉ ብዛት አይለወጥም። ሙቀት ግፊቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ ጥግግቱን አይነካም። ከፍታም እንዲሁ። ስለዚህ የውስጡ መከላከያ ድሬም ሐረርም አንድ ነው። የሚያሳስተው የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ነው። ከውጭ አየር ጋር እያነጻጸረ የሚያነብ ተራ ጌጅ ሐረር ላይ ከጅቡቲ ይልቅ 0.2 ባር ያህል ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ውጭው ስለሳሳ ማለት ነው። መካከለኛ ቮልቴጅ ላይ ያሉ ብዙ ሳጥኖች የሚሞሉት ከውጭው አየር ጥቂት አሥረኛ ባር ከፍ ብሎ ነው። በዚህ ላይ 0.2 ባር ቀላል ነገር አይደለም። ጋዝ እየፈሰሰ መርፌው አረንጓዴው ላይ ሊቆም ይችላል። ጥግግትን የሚለካ መቆጣጠሪያ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ይህን ነጥብ ከሁሉ በላይ አጥብቄ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ማስተካከያው ርካሽ ነው፣ ስህተቱ ግን አይታይም።

እሺ፣ ኤሌክትሮን አይታይም። ፍጥነቱ ታዲያ እንዴት ተለካ?

በጣም የምወደው ዘዴ በ1936 ኖሪስ ብራድበሪና ራስል ኒልሰን ያወጡት ነው። (ብራድበሪ በኋላ ሎስ አላሞስን ለ25 ዓመት የመራው ሰው ነው።) አየር የማያስገባ ሲሊንደር ይዘጋጃል። መጀመሪያ ፓምፕ ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፣ ከዚያ ንጹሕ ጋዝ ይሞላበታል። በአንዱ ጫፍ የጋለ ሽቦ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን የመታው ብረት ኤሌክትሮን ይለቃል። በሌላው ጫፍ ኤሌክትሮኑን ተቀብሎ ካረንት የሚቆጥር ሳህን አለ። ሲሊንደሩን በእኩል ርቀት የብረት ቀለበቶች ይከቡታል። በቀለበቶቹ መሀል እኩል ሬዚስተሮች ይገባሉ። መስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚሆነው በዚህ ነው።

ብልሃቱ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ተወጥረዋል። አንዱ ሽቦ ፖዘቲቭ፣ ጎረቤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ኤሌክትሮኑ ወደ ጎን ይሳብና ሽቦው ላይ ይቀራል። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሁሉም ሽቦ እኩል ቮልቴጅ ሲይዝ ኤሌክትሮኑ ያልፋል። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፣ በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። በመጀመሪያው በር ያለፈው መንጋ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ካገኘው ያልፋል። ካላገኘው ይቀራል። በሮቹ በሰከንድ የሚከፈቱበትን ብዛት ቀስ እያላችሁ ትቀይራላችሁ። ሳህኑ ላይ ያለው ካረንት ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከፍ ባለበት ቦታ መንጋው በአንድ የመክፈቻ ዙር ውስጥ ልክ ደርሷል ማለት ነው። ርቀቱን በብዛቱ አባዙት፣ ፍጥነቱ ወጣ። ለምሳሌ በሮቹ 10 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው መንጋው በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው 5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል። በሮቹ በሰከንድ 200 ሺህ ጊዜ ሲከፈቱ ካረንቱ ይጎላል።

መበተኑም እዚያው ላይ ይነበባል። ሁሉም ኤሌክትሮን እኩል ቢደርስ ኖሮ ከፍታው ስለታም ይሆን ነበር። ግን ሰፋ ይላል። ስፋቱ መንጋው በጉዞው አቅጣጫ ምን ያህል እንደተበተነ ይናገራል።

ወደ ጎን መበተኑ በሌላ መንገድ ይለካል። ይህ መንገድ ከራሱ ከታውንሴንድ ይጀምራል። ተማሪው የነበረው አውስትራሊያዊው ሊዮናርድ ሀክስሊ አዳበረው። በ1960ዎቹ ካንቤራ ላይ ከሮበርት ክሮምፕተን ጋር የሠሩት ቡድን ደግሞ ስህተቱን በብዙ ጋዞች ወደ 1 በመቶ አወረደው። ኤሌክትሮኖቹ በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይገባሉ። መድረሻው ላይ ያለው ሳህን መሀሉ ክብ፣ ዙሪያው ቀለበት ሆኖ ተቆርጧል። ክቡና ቀለበቱ ለየብቻ ካረንት ይለካሉ። መንጋው ብዙ ካልተበተነ አብዛኛው መሀል ላይ ያርፋል። ከተበተነ ቀለበቱ ድርሻ ያገኛል። ከሁለቱ ካረንቶች ንጽጽር የመበተን መጠኑ ለተንቀሳቃሽነቱ (የመንጋው ፍጥነት ለመስኩ ሲካፈል ለሚገኘው) ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር ይገኛል።

ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ይዟል። መስኩ በጣም ደካማ ሲሆን የጋዙን ሙቀት ብቻ ያሳያል። በ20 ዲግሪ 0.0253 ቮልት ነው፤ በድሬ 35 ዲግሪ 0.0266። ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይችልም። መስኩ ሲጠነክር ቁጥሩ ያድጋል። ያደገው ያህል ኤሌክትሮኖቹ ከጋዙ በላይ ሞቀዋል። ጋዙ ሳይሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ብቻቸውን በሺዎች ዲግሪ የሚቆጠር ሙቀት ሊኖራቸው ይችላል። የኢንሱሌሽን መሐንዲስ ማወቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በምን መስክ ላይ ነው ኤሌክትሮኖቹ ሞለኪውል ለመስበር የሚያስችል ጉልበት የሚኖራቸው?

ለረጅም ጊዜ መበተን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1967 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲለኩት እኩል ሆኖ አላገኙትም። ወደ ጉዞው አቅጣጫ መበተኑና ወደ ጎን መበተኑ ተለያየ፤ በአንዳንድ ጋዞች ብዙ እጥፍ። ማብራሪያው ብዙም አልዘገየም። ከመንጋው ፊት ያሉት ኤሌክትሮኖች ከኋለኞቹ የበለጠ ጉልበት አላቸው። ጉልበታቸው ስለተለየ የግጭታቸው ብዛትም ይለያያል። ስለዚህ ፊትና ኋላው እኩል አይጎተቱም። ይህን ታሪክ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ለአሥርት ዓመታት ሁሉም ሰው ያወቀው የመሰለው ነገር የተስተካከለው ጠንቅቆ በመለካት ነው።

ዛሬ ለአዳዲሶቹ ጋዞች የሚመረጠው የፐልስ ዘዴ ነው። ሁለት የብረት ሳህኖች በጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። አጭር የአልትራቫዮሌት ሌዘር ብልጭታ አንደኛውን ሳህን ይመታል። ኤሌክትሮኖቹ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። በመንገድ ላይ እያሉ በውጭው ሰርኪት የሚፈጥሩት ካረንት ኦሲሎስኮፕ ላይ ይሳላል። የሥዕሉ ርዝመት ፍጥነቱን ይሰጣል። መጨረሻው ላይ ያለው ቁልቁለት መበተኑን ይሰጣል። መሀሉ ወደ ላይ ከሄደ ኤሌክትሮን እየተወለደ ነው፤ ወደ ታች ከሄደ እየተያዘ ነው። ከአንድ ብልጭታ ይህ ሁሉ ይገኛል።

ዙሪክ ያለው የስዊስ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘዴ የኤስኤፍ ሲክስ ምትክ ጋዞችን ሲለካ ቆይቷል። እኔን የበለጠ የሚያበረታታኝ ግን ሜክሲኮ ናት። የሜክሲኮ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ኩዌርናቫካ በተባለች ከተማ ያለው ላቦራቶሪ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ዘዴ የለካቸው ቁጥሮች በዓለም ዙሪያ ይጠቀሳሉ። ኩዌርናቫካ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በድሬና በሐረር መሀል እንደማለት። ቤልግሬድም እንዲሁ በትንሽ በጀት ትልቅ ስም ያተረፈ ቡድን አላት። ይህ ዘርፍ ግዙፍ ማሽን አይጠይቅም። ትዕግሥት፣ ንጹሕ ጋዝ፣ ጥሩ ቫኪዩምና ጠንቃቃ እጅ ነው የሚጠይቀው።

ግዙፍ ማሽን ያላቸውም ቢሆኑ ያለዚህ ልኬት አይንቀሳቀሱም። ጄኔቫ አጠገብ በሰርን የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የሚገኘው የአሊስ ሙከራ 90 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ የያዘ ሲሊንደር አለው። ኤሌክትሮኖቹ እዚያ ውስጥ 2.5 ሜትር በ90 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይጓዛሉ። ሳይንቲስቶቹ የቅንጣቶቹን መንገድ የሚያውቁት ኤሌክትሮኑ የደረሰበትን ሰዓት በፍጥነቱ አባዝተው ነው። ፍጥነቱ ከተሳሳተ ሥዕሉ ሁሉ ይሳሳታል።

ወደ ምትክ ጋዙ ልመለስ። ለምን የእያንዳንዱን ጋዝ ቁጥር ወስደን በድርሻው አማካይ አንሠራም? ምክንያቱም ኤሌክትሮን በዚህ ሂሳብ አይገዛም። አርጎን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1921 ካርል ራምሳወር እንዳሳየው ዝግተኛ ኤሌክትሮን የአርጎን አቶሞች የሌሉ ያህል አልፎ ይሄዳል። አርጎን ላይ ጥቂት ናይትሮጅን ስትጨምሩ የመንጋው ፍጥነት ይጨምራል። እንቅፋት ጨምራችሁ ጉዞው ፈጠነ! የተጨመረው ጋዝ ኤሌክትሮኖቹን ያቀዘቅዛቸውና አርጎን ብዙ ወደማይነካቸው የጉልበት መጠን ያወርዳቸዋል። ሚቴን ላይ ደግሞ መስኩን ስታጠነክሩ ፍጥነቱ በተወሰነ ክልል ይቀንሳል። ጥቂት ፍንጣሪ ቆሻሻ ወይም እርጥበት እንኳ ውጤቱን ይለውጣል። ስለዚህ ድብልቅ ሁሉ ራሱን ችሎ መለካት አለበት።

አሁን ገበያ ላይ ካሉት ምትኮች አንዱ ሲ4ኤፍ7ኤን የሚባል ፍሎሮናይትራይል ነው። ብቻውን ቢሆን ከኤስኤፍ ሲክስ ሁለት እጥፍ ገደማ ይከላከላል። ችግሩ የሚፈላው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ላይ መሆኑ ነው። ለአውሮፓ ክረምት አይሆንም፣ ፈሳሽ ይሆናል። ስለዚህ በትንሽ መጠን ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከኦክስጅን ጋር ይደባለቃል። ድርሻው የተወሰነው በከፊል በእነሱ ብርድ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህ ብርድ የለም። ሐረርም ቢሆን እንደዚያ አይበርዳትም። ስለዚህ ለእኛ የሚመቸው ድርሻ ከእነሱ ሊለይ ይችላል። ይለያል ብዬ አልደመድምም፤ ጋዙ ራሱ ቢያመልጥ በምድር ሙቀት ላይ የሚያሳድረው ጫናና በአርክ ሲፈርስ የሚተወው ነገርም ይታያል። ግን ጥያቄው የእኛ ነው፣ ሌላ ማንም አይጠይቅልንም። ደግሞ የዚህን ጋዝ ስም ያስተዋወቀው ስሪኤም ኩባንያ ፒፋስ ከሚባሉት ፍሎሪን ያለባቸው ኬሚካሎች ምርት እስከ 2025 መጨረሻ እንደሚወጣ በ2022 አስታውቋል። አቅርቦቱም በራሱ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው። ሌላው መንገድ የታሸገ ንጹሕ አየርና የቫኪዩም ብሬከር (መስመሩን በባዶ ክፍል ውስጥ የሚቆርጥ ዕቃ) ነው። ዕቃው ይተልቃል እንጂ የሚፈራ ጋዝ የለውም። እኔ ለ15 ኪሎ ቮልት መስመራችን ልቤ ወደዚህኛው ያደላል። የተማረ የጋዝ ቴክኒሻንና የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን እንደልብ በማይገኝበት ቦታ አየር ይሻላል። ቢያመልጥ አየር ነው።

እዚህ ምን መደረግ አለበት? ጨረታ ሲወጣ ከፍታውና የቀትር ሙቀቱ አብረው ይጻፉ። የጥግግት መቆጣጠሪያ ይጠየቅ። ያገለገለ ኤስኤፍ ሲክስ ዕቃ በርካሽ ሲመጣ፣ ዕድሜው ሲያልቅ ጋዙን ማን ይሰበስባል የሚለው መልስ ሳያገኝ አይፈረም። ቆራሌው ግቢ ውስጥ በመጋዝ የተከፈተ አንድ ሳጥን የብዙ መኪኖችን የዓመት ጭስ ያህል ያወጣል።

ሌላው ሥራ የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሰዓት መንገድ ልዩነት ላይ ናቸው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ላፕቶፕ ብቻ ነው። ኤልኤክስካት የተባለው ክፍት የመረጃ ቋት የኤሌክትሮንና የሞለኪውል ግጭት መረጃዎችን በነጻ ይሰጣል። ቦልሲግ ፕላስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት ስርጭት የሚገልጸውን የቦልትስማንን እኩልታ ፈትቶ ከእነዚህ መረጃዎች የጉዞ ፍጥነቱንና መበተኑን ያሰላል፤ እሱም በነጻ ይገኛል። ይህን መንገድ የከፈቱት እነ አርተር ፌልፕስ ናቸው፣ በዌስቲንግሃውስ ላቦራቶሪ፣ በ1960ዎቹ። የተለካውን ፍጥነትና መበተን ይዘው ወደ ኋላ እየተመለሱ የግጭቱን መጠን አወጡ። አንድ የማስተርስ ተማሪ በሐረር ጥግግት የአየርን፣ በድሬ ሙቀት የድብልቁን ሂሳብ ዛሬ መጀመር ይችላል።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ ይመጣል። የብረት ቀለበቶቹን መቁረጥ ለድሬ ወርክሾፖች አዲስ ነገር አይደለም። ሬዚስተርና ሽቦ ይገኛል። የሚያስቸግረው የቫኪዩም ፓምፑ፣ የጋዙ ንጽሕናና ፈጣኑ ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ለእነዚህ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ገንዘብ ቢያዋጡ አንድ ላቦራቶሪ ይበቃል። የመጀመሪያው ልኬት ናይትሮጅን ላይ ይሁን። የናይትሮጅን ፍጥነት በብዙ ላቦራቶሪዎች ተለክቶ የታወቀ ስለሆነ ስህተታችንን ወዲያው ያሳየናል። ካልገጠመ ጋዙ ንጹሕ አይደለም፣ ወይ መስኩ እኩል አይደለም፤ ፈልጎ ማረም ነው። ከገጠመ በኋላ ሲሊንደሩ ለደረቅ አየር፣ ከዚያም ለእርጥብ አየር ዝግጁ ነው፤ ድብልቁ የሚመጣው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው።